ሳይቀባ የገዛው ሊቀ ጳጳስ

በኮሎኝ ካቴድራል፣ ከዋናው መሠዊያ በስተጀርባ፣ ርዝመቱ 220፣ ከፍታው 153፣ ወርዱ 110 ሳንቲ ሜትር የሆነ በወርቅና በዕንቁ የተለበጠ ሣጥን አለ። የሰብአ ሰገል ዐፅም ያረፈበት ነው ይባላል። ከፊት ለፊቱ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ሦስቱ ነገሥታት እጅ መንሻቸውን ይዘው ሲቀርቡ ይታያሉ። ወደ ኋላ ዞሮ ያየ ሰው ግን ከሐዋርያትም ከነቢያትም ወገን ያልሆነ የአንድ ሰው ምስል ያገኛል፤ ራይናልድ ዘዳሰል ይባላል። ዐፅሙን ከሚላን አውጥቶ ወደ ኮሎኝ ያመጣው እርሱ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ፣ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የፍሬድሪክ ባርባሮሳ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ የጦር መሪም ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው፦ ለሊቀ ጵጵስና ከተመረጠ በኋላ ስድስት ዓመት ተኩል ያህል ቅስና እንኳ ሳይቀበል በመንበሩ ላይ ገዛ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ከአንዱ የውጫሌ ቀን በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የራይናልድ ሕይወት በሙሉ ያለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ይመስለኛል።

በዚያ ዘመን ጀርመን አገር ጳጳስ መሆን ሁለት ሹመት በአንድ ሰው ላይ መደረብ ነበር። አንዱ መንፈሳዊው ነው፦ አንብሮተ እድ፣ ቅብዐት፣ ቀለበትና የእረኝነት በትር። ሁለተኛው ምድራዊው ነው፦ ከንጉሡ የተሰጠ መሬት፣ የቀረጥ በር፣ የገበያ መብት፣ የደም ፍርድ፣ ገንዘብ የማተም ሥልጣን፣ ባላባትና ወታደር። ኮሎኝን የመሰለ መንበር ሁለተኛው ብቻውን መንግሥት ነበር። በራይን ወንዝ ላይ ትልቋ ከተማ የሊቀ ጳጳሱ ነበረች። የኮሎኝ ማርክ የሚባለው ሚዛን 233 ግራም ገደማ ብር ሲሆን ከእርሱ 160 ሳንቲም ይመታ ነበር፤ አንዱ ሳንቲም አንድ ግራም ተኩል አይሞላም። ያ ትንሽ ብር በሩቅ አገር ነጋዴ ዘንድ የታመነ ስለነበር፣ ማተሚያውን የያዘ ሰው ሳያርስ የሚያፍስ ባለጸጋ ነው።

ንጉሡና የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለሃምሳ ዓመት ያህል የተጣሉት ይህን ድርብ ሹመት ማን ይስጥ በሚል ነበር። በ1122 በዎርምስ ከተማ ታረቁ። ንጉሡ ቀለበቱንና የእረኝነት በትሩን ለቤተ ክርስቲያን ተወ፤ መሬቱንና ሥልጣኑን ግን በበትረ መንግሥት እየነካ እንዲሰጥ ተፈቀደለት። ከውሉ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውላት የሚያልፋት አንዲት አንቀጽ አለች። በኢጣልያና በቡርጉንዲ ተመራጩ በመጀመሪያ ይቀባል፤ ምድራዊውን ሹመት ከዚያ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ይቀበላል። በጀርመን ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ በትረ መንግሥቱ ከቅብዐቱ ይቀድማል። እንግዲህ በጀርመን በመመረጥና በመቀባት መካከል አንድ ክፍተት ተፈጠረ። ተመራጩ በዚያ ክፍተት ውስጥ እያለ የመሬትና የሰው ጌታ ነው፤ ካህን ግን አይደለም። ሌሎች ጳጳሳት በጥቂት ወራት ይሻገሩታል። ራይናልድ ቤቱን ሠራበት።

ለእኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ጉልትን ማሰብ ይረዳል። በኢትዮጵያም አቡኑ፣ እጨጌውና ገዳማቱ ሰፊ ጉልት ነበራቸው። ነገር ግን አቡኑ ከግብፅ ተቀብቶ የሚመጣ ነበርና ቅብዐቱ ሁልጊዜ ይቀድም ነበር፤ ሳይቀባ የአቡንን ጉልት የሚበላ ሰው በእኛ ሥርዓት ቦታ አልነበረውም።

ራይናልድ የተወለደው በ1110ዎቹ አጋማሽ ወይም ትንሽ ቆይቶ፣ በሳክሶኒ ከነበሩት የዳሰል መኳንንት ቤት ነው። ታናሽ ልጅ ነበር። ርስቱ ለታላቁ ስለሚያልፍ ታናሹ ወደ ትምህርት ተላከ፤ በሂልድስሃይም የካቴድራል ትምህርት ቤት ተማረ፤ በኋላም የዚያው ካቴድራል ካህናት አለቃ ሆነ። በ1148 በራንስ በተደረገው ጉባኤ፣ ካህናት ባለ ቀለም ፀጉር ካባ እንዳይለብሱ የሚከለክል ሕግ ሲቀርብ ተነሥቶ የተቃወመ እርሱ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ፓፓው በተቀመጡበት ጉባኤ አንድ የካህናት አለቃ ለልብስ መከራከሩ ግን ሰውየውን አስቀድሞ ያሳያል። የመጻሕፍት ፍቅሩም የታወቀ ነው። አበ ምኔት ቪባልድ የጥንቱን ሮማዊ ተናጋሪ የሲሴሮን ጽሑፎች እንዲያውሰው በጠየቀው ጊዜ፣ ያለ መያዣ ማዋስ ልማዳችን አይደለም ብሎ በምትኩ ሌሎች መጻሕፍት እንዲልክለት አድርጓል። ከነገር ሁሉ በፊት መያዣ የሚጠይቅ ሰው ነበር፤ ይህ ጠባዩ ወደፊት ይመለስብናል።

በ1156 የባርባሮሳ ጸሐፌ ትእዛዝ ሆነ። ደብዳቤ የሚጻፍበት ቃል፣ ማኅተም የሚያርፍበት ብራና ሁሉ በእጁ ገባ። በማግሥቱ ዓመት ከዚያ ቢሮ በወጡ ደብዳቤዎች ላይ ግዛቱ «ቅዱስ» እየተባለ መጠራት ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ከሆነች መንግሥቱም በራሱ ቅዱስ ነው፤ ቅድስናውንም ከማንም አይበደርም ማለት ነው።

በዚያው በ1157 በጥቅምት ግድም፣ ቤሳንሶን በተባለች የቡርጉንዲ ከተማ፣ የአንድ ቃል ትርጉም ሰይፍ አስመዘዘ። ፓፓው አድርያን 4ኛ ሁለት ካርዲናሎች ልከው ነበር፤ አንደኛው ሮላንድ ይባላል። ይዘውት የመጡት ደብዳቤ የሉንድ ሊቀ ጳጳስ እስኪል በመንገድ ተይዘው ሳሉ ንጉሠ ነገሥቱ ዝም ማለቱን ይወቅሳል። ከወቀሳው ጋር፣ ዘውዱን እኛ ሰጥተንሃል፤ ከዚያ የሚበልጥ «ቤኔፊኪያ» ብንሰጥህም ደስ ባለን ነበር የሚል ሐሳብ ነበረበት። ደብዳቤው በላቲን ነው፤ ከተሰበሰቡት መሳፍንት የሚበዙት ላቲን አይሰሙም። ቆሞ የተረጎመላቸው ራይናልድ ነበር።

የላቲኑ ቃል ሁለት ፊት አለው። አንዱ በጎ ሥራ፣ ውለታ ነው። ሁለተኛው ሎሌ ከጌታው የሚቀበለው መሬት፣ በእኛ አነጋገር ጉልት ነው። ራይናልድ ሁለተኛውን መረጠ። ዘውዱ ጉልት ከሆነ ፓፓው ጌታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሎሌ ሊሆኑ ነው። መሳፍንቱ አጉረመረሙ። ከመልእክተኞቹ አንዱ፣ ከፓፓው ካልሆነ ንጉሠ ነገሥቱ ግዛቱን ከማን ተቀበለው ታዲያ ብሎ ሲጠይቅ፣ የባቫርያው ኦቶ ዘዊተልስባኽ ሰይፉን መዝዞ ተነሣበት፤ ባርባሮሳ ራሱ ገብቶ አዳነው። የመልእክተኞቹ ጓዝ ሲፈተሽ ማኅተም ያረፈባቸው ባዶ ብራናዎች ተገኙ ተባለ፤ በማግሥቱም ወደ ሮማ በቀጥታ እንዲመለሱ ታዘዙ።

ውጫሌን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ላይ የአማርኛው «ይቻላቸዋል» በኢጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ ፍጻሜውም ዓድዋ ነው። ልዩነቱ ግን መታየት አለበት። በውጫሌ ሁለት ጽሑፎች ነበሩ፤ በቤሳንሶን ግን አንድ ጽሑፍና አንድ ተርጓሚ ብቻ። ራይናልድ ሐሰት ተረጎመ ሊባልም አይችልም፤ ቃሉ ያንን ትርጉም በርግጥ ይዟል። በሮማ ላተራን ቤተ መንግሥትም የቀድሞው ንጉሠ ነገሥት ሎታር ዘውድ ሲቀበል የሚያሳይ ሥዕል ነበር፤ የተጻፈበትም ንጉሡ የፓፓው ሎሌ ሆኖ ዘውዱን ከእርሱ እንደተቀበለ ይናገራል። ስለዚህ ጥርጣሬው ሥር ነበረው። በ1158 ፓፓው፣ ቃሉን ያልሁት በጎ ሥራ ለማለት ነው፣ ጉልት ለማለት አይደለም ሲሉ አስተባበሉ። ነገሩ በረደ እንጂ አልጠፋም። ካርዲናል ሮላንድም ያን ቀን አልረሳም።

በዚያው ዓመት በሮንካልያ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ አራት የቦሎኛ የሕግ ሊቃውንት በኢጣልያ ከተሞች ያለው የንጉሥ መብት ምን ምን እንደሆነ ዘረዘሩ፦ ቀረጥ፣ ወደብ፣ ወፍጮ፣ የዓሣ ማጥመጃ፣ የጨው ገቢ፣ የሹማምንት ሹመት። ገቢው በዓመት 30,000 መክሊት ብር እንደሚሆን የዘመኑ ጸሐፊ አስፍሯል። በወረቀት ላይ የተጻፈውን ከየከተማው ለመሰብሰብ የሚላከው ብዙ ጊዜ ራይናልድ ነበር። በ1159 መጀመሪያ ሚላን ገብቶ ሹም ልሹም ሲል ሕዝቡ ተነሥቶበት ለጥቂት ተረፈ። ይህን ውርደት ይዞ ቆየ፤ ሚላን በመጋቢት 1162 በረሃብ ተሸንፋ እጇን ስትሰጥ፣ ትፍረስ ብለው ከወተወቱት ጋር ነበር፤ ከተማዪቱም ፈረሰች። ስለ ችሎታው ያለኝ አድናቆት እዚህ ላይ ይቆማል።

ለኮሎኝ የተመረጠው ከሚላኑ ረብሻ ጋር በተመሳሳይ ወር፣ በጃንዋሪ 1159 ነው። በትረ መንግሥቱን ወሰደ፤ ለቅብዐቱ ግን አልቀረበም። ማኅተሙና ደብዳቤዎቹ «የኮሎኝ ተመራጭ» ይሉታል። የ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የማትቀበለው ማለት ነው፣ በቀኖና 25 የጳጳስ ሢመት በሦስት ወር ውስጥ ይፈጸም ይላል። ራይናልድ ስድስት ዓመት ቆየ።

በተግባር ምን ጎደለው? ቀረጥ ሰበሰበ፤ ፍርድ ሰጠ፤ ጉልት አደለ፤ ገንዘብ አሳተመ፤ የኮሎኝን ወታደር አልፕስን አሻግሮ መራ። ለእነዚህ ሁሉ በትረ መንግሥቱ ይበቃል። ያልቻለው ቅዳሴ መቀደስ፣ ዲያቆንና ቄስ መሾም፣ ቅብዐ ሜሮን መባረክ፣ ቤተ ክርስቲያን መቀደስ ነው። በኮሎኝ ሥር አምስት አህጉረ ስብከት ነበሩ፦ ሙንስተር፣ ኦስናብሩክ፣ ሚንደን፣ ኡትሬክትና ሊዬዥ። ሊቀ ጳጳስ በሌለበት እንዲህ ያለውን አገልግሎት ጎረቤት ጳጳስ ሊሸፍነው ይችላል። ሥራው አልተቋረጠም፤ ስለዚህም ማንም ለረጅም ጊዜ አላስገደደውም።

ለምን አልተቀባም የሚለውን ብዙዎች ለዓለማዊነቱ ይሰጡታል፤ ጦርና ፖለቲካ ስለሚወድ ክህነት አልታየውም ይላሉ። እኔ ምክንያቱ ሌላ ይመስለኛል። በሴፕቴምበር 1159 አድርያን ሞቱና በሮማ ሁለት ፓፓዎች በአንድ ቀን ተመረጡ። የሚበዙት ካርዲናሎች ያንኑ የቤሳንሶኑን ሮላንድ መረጡ፤ እስክንድር 3ኛ ተባለ። ጥቂቶቹ ኦክታቪያንን መረጡ፤ ቪክቶር 4ኛ ተባለ። ባርባሮሳ በ1160 ፓቪያ ላይ ጉባኤ ጠርቶ ከቪክቶር ጎን ቆመ። እንግዲህ ራይናልድ ቢቀባ ሢመቱ በቪክቶር ወገን ነው። ቪክቶር ቢሸነፍ ቅብዐቱ አብሮ ይረክሳል፤ ከመንበሩም ሊወርድ ይችላል። ያልተቀባ ሰው ግን ይታረቃል፤ ንስሐ ይገባል፤ ከአሸናፊው እጅ እንደ አዲስ ይቀባል። መጽሐፍ እንኳ ያለ መያዣ የማያውሰው ሰው ነፍሱን ያለ መያዣ አላዋሰም።

ይህን ሲያደርግ ግን ሌሎችን ወደ ፊት እየገፋ ነበር። ቪክቶር በአፕሪል 20 ቀን 1164 በሉካ ሲሞቱ ክፍፍሉ በራሱ ሊያበቃ ይችል ነበር። ባርባሮሳ ራቅ ብሎ ነበር። ራይናልድ ትእዛዝ አልጠበቀም፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከቪክቶር ወገን የነበረውን ካርዲናል ጉዊዶን አስመርጦ ፓስካል 3ኛ አሰኘው። የቪክቶርን ወገን የሚያቆመው የካርዲናሎች ቁጥር እጅግ ጥቂት ነበር፤ ሥርዓቱም ችኮላ ያለበት ነው። አሥራ ሦስት ተጨማሪ የጠብ ዓመታት የተገዙት በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው።

ከዚያ የዐፅሙ ነገር መጣ። ሰብአ ሰገል ናቸው የተባሉት ዐፅሞች በሚላን ከቅጥር ውጭ በነበረው በቅዱስ ኤውስቶርጊዮስ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ ጦርነቱ ሲቀርብ በ1158 ወደ ከተማዪቱ ውስጥ ገቡ። ከተማዪቱ ስትወድቅ የንጉሠ ነገሥቱ ምርኮ ሆኑ፤ በጁን 1164 ለራይናልድ ሰጠው። ራይናልድ ከቬርቸሊ ሆኖ ለኮሎኝ ሰዎች በጻፈው ደብዳቤ ስጦታውን አበሠረ፤ በመንገድ የሚያደቡ ጠላቶች ስለነበሩ በቡርጉንዲና በጎል በኩል ዞሮ መጣ። በጁላይ 23 ቀን 1164 ኮሎኝ ገባ። በእኛ ቋንቋ ፍልሰተ ዐፅም እንለዋለን። ይህኛው ፍልሰት ግን ስሌት ነበረበት። ሰብአ ሰገል ለክርስቶስ የሰገዱ የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ናቸው፤ ሲሰግዱም በመካከል ጳጳስ አልነበረም። የጀርመን ነገሥታት በአኸን ከነገሡ በኋላ ወደ ኮሎኝ ወርደው በዐፅሙ ፊት መስገድን ልማድ ሲያደርጉት፣ የዘውድ ምንጭ ከሮማ ሌላ ሊሆን እንደሚችል በጉልበታቸው እየመሰከሩ ነበር። ከተማዪቱም በተሳላሚ ከበረች። ሣጥኑን ኒኮላስ የተባለው የቨርደን አንጥረኛ ጀመረው፤ አሁን የቆመው ካቴድራል መሠረቱ በኦገስት 15 ቀን 1248 ተጣለ፤ የኮሎኝ ዓርማም እስከ ዛሬ ሦስት ዘውድ ይዟል።

የክፍተቱ ዘመን ያበቃው በጰንጠቆስጤ 1165 በቩርዝቡርግ ነው። ራይናልድ ከእንግሊዝ ንጉሥ ከሄንሪ 2ኛ ዘንድ መመለሱ ነበር። ሄንሪ ከሊቀ ጳጳሱ ከቶማስ ቤኬት ጋር ተጣልቶ ስለነበር ከእስክንድር ሊለይ የሚችል መስሎ ታየው፤ የጋብቻ ስምምነትም ተደርጓል። (በእንግሊዝ ግን የሌስተሩ ባላባት ሮበርት ከውጉዝ ጋር አልሳሳምም ብሎ የሰላምታ ጉንጩን ነፍጎታል።) በጉባኤው ራይናልድ ከባዱን ሐሳብ አቀረበ፦ ንጉሠ ነገሥቱም መሳፍንቱም ጳጳሳቱም እስክንድርንም የእርሱን ወገን የሆነ ተተኪም ለዘላለም እንዳይቀበሉ ይማሉ። ጳጳሳቱ አመነቱ። የማግደቡርጉ ሊቀ ጳጳስ ቪክማን ያን ጊዜ የተናገረው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ አስቀድመህ አንተ ተቀባ፤ ከእኛ ጋር በአንድ አደጋ ውስጥ ግባ።

ሌሎቹ ሁሉ የተቀቡ ናቸው፤ ቢሸነፉ ማዕረጋቸውን ያጣሉ። መሐላውን የሚያስምላቸው ሰው ግን መውጫ በር ይዟል። ቪክማን በሩን አየ፤ ባርባሮሳም ከቪክማን ጋር ተስማማ። ራይናልድ ሳይወድ እሺ አለ። በዚያው ወር መጨረሻ ቅስና ተቀበለ፤ በኦክቶበር 2 ቀን 1165 በኮሎኝ በኦስናብሩኩ ጳጳስ በፊልጶስ እጅ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተቀባ። ክህነት የእምነት ጥሪ መሆን ሲገባው እዚህ ላይ መያዣ ሆኖ ተሰጠ። ይህን ሳነብ ከሚላን መፍረስ ያላነሰ ያሳዝነኛል።

በተቀባ በሦስት ወሩ፣ በዲሴምበር 29 ቀን 1165፣ በአኸን ንጉሥ ሻርለማኝ ቅዱስ ተብሎ እንዲታወጅ አደረገ፤ ፈቃዱ የፓስካል ነው። ሥራው ከዐፅሙ ጋር አንድ ነው፤ ለግዛቱ የራሱ ቅዱስ ንጉሥ ተገኘለት።

በእነዚሁ ዓመታት አንድ ሌላ ጽሑፍ በአውሮፓ መዞር ጀመረ፤ ቄስም ንጉሥም ነኝ የሚል፣ ዮሐንስ የተባለ የምሥራቅ ገዥ ለቢዛንጥዩሙ ንጉሠ ነገሥት ለማኑኤል ጻፈው የተባለ የፈጠራ ደብዳቤ። የባርባሮሳ አጎት ጳጳስ ኦቶ ዘፍራይዚንግ በ1145 የሰማውን ሲጽፍ ይህ ዮሐንስ ከሰብአ ሰገል ዘር ነው ብሎ ነበር። አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች ደብዳቤው ከራይናልድ አካባቢ ወጥቶ ይሆናል ይላሉ፤ ማስረጃው የተቆረጠ አይደለም፤ ክህነትና ንግሥና በአንድ ሰው የሚለው ሐሳብ ግን በርግጥ የዚያ ቤት ሐሳብ ነው። ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አውሮፓውያን ያን ቄስ ንጉሥ በኢትዮጵያ ፈለጉት፤ በ1520 ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ የደረሰው የፖርቱጋል መልእክትም የመጣው በዚሁ ስም ነው።

በሜይ 29 ቀን 1167 ራይናልድ ከሮማ አጠገብ በቱስኩሉም ተከብቦ ሳለ ክርስቲያን የተባለው የማይንትሱ ሊቀ ጳጳስ ጦር ይዞ ደረሰለት። ሁለት ሊቃነ ጳጳሳት በብዙ እጥፍ የሚበልጣቸውን የሮማውያን ሠራዊት ሰበሩ። በጁላይ መጨረሻ የጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ተያዘ፤ ፓስካል መንበር ላይ ተቀመጠ፤ በኦገስት 1 ንግሥት ቤያትሪስ ዘውድ ጫነች። ባርባሮሳ ለራይናልድ መንበር የአንደርናኽን ግዛትና የኤከንሃገንን የብር ማዕድን ሰጠ። ከዚህ የሚበልጥ ቀን በሕይወቱ አልነበረም።

በማግሥቱ ከባድ ዝናብ ወረደ። የሮማ ዙሪያ ረግረግ በበጋ ሙቀት ከሰሜን ለመጣ ሰው መርዝ ነው፤ ውሃው ተበከለ፤ ትኩሳትና ተቅማጥ ሰፈሩን ያዘው። በቀናት ውስጥ ከታላላቆቹ ብዙዎች ረገፉ፤ የሽዋብያ መስፍን፣ የሊዬዥ፣ የሽፓየርና የፕራግ ጳጳሳት ከእነዚህ ናቸው። ራይናልድ በኦገስት 14 ሞተ። በበጋ ሬሳ አልፕስን አይሻገርም። ስለዚህ በዚያ ዘመን ልማድ አስከሬን በውሃ ተቀቅሎ ሥጋው ከአጥንቱ ይለይና አጥንቱ ብቻ ይጫናል። የራይናልድም አጥንት እንዲሁ ኮሎኝ ደርሶ በካቴድራሉ ተቀበረ።

የእስክንድር ወገን የእግዚአብሔር ፍርድ ነው አለ። ባርባሮሳ ግን ወዲያው አልተንበረከከም፤ በ1177 በቬኒስ ከእስክንድር ጋር ታረቀ። እስክንድርም በዚያው ዓመት፣ ከዚያው ከቬኒስ፣ ለ«ሕንድ ንጉሥ ዮሐንስ» ደብዳቤ ላከ፤ በሮማ ቤተ ክርስቲያን፣ በኢየሩሳሌምም መሠዊያ ተለምኖ ስለነበር፣ አንዳንድ ተመራማሪዎች ለማኞቹ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሦስተኛው የላተራን ጉባኤ፣ በቀኖና 2፣ ኦክታቪያን፣ ጉዊዶና ከእነርሱ በኋላ በዚያው ወገን ፓፓ የተባለው ሌላ ዮሐንስ፣ እነርሱ የሾሟቸውም፣ የሰጡት ክህነት ሁሉ ከንቱ ይሁን ተባለ። ራይናልድ ለስድስት ዓመት የሸሸው ይህንን ነበር፤ ያወጀውም ቤሳንሶን ላይ ደብዳቤውን ጉልት ብሎ የተረጎመበት ሮላንድ ነው። በበትረ መንግሥቱ የመጣው አንደርናኽ ግን የኮሎኝ ሊቃነ ጳጳሳት እንደሆነ ለዘመናት ቆየ።